ስለ ሶፍትዌር ቴስት (ፍተሻ) የፈለጋችሁትን ጠይቁ፤ ዛሬ ጊዜ አለኝ

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ዋተርፎል (አንዱን ደረጃ ጨርሶ ወደ ቀጣዩ የሚኬድበት የሶፍትዌር አሠራር) ጊዜው አላለፈበትም? ለምን ዛሬም እንማረዋለን?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ለማስረዳት ስለሚቀል ነው፦ መስፈርት፣ ዲዛይን፣ ኮድ፣ ቴስት፣ ርክክብ። የሚገርመው፣ ሐሳቡ የሚጠቀስለት ዊንስተን ሮይስ ራሱ በ1970 እ.ኤ.አ. ጽሑፉ ይህ አካሄድ ውድቀት እንደሚጋብዝ ተናግሯል። ቴስቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ የተገኘ ስህተት እስከ ዲዛይኑ ድረስ ይመልስሃል። ብዙ ሰው የጽሑፉን ሥዕል ብቻ አይቶ የሄደ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ አጃይል (በአጫጭር ዙር እየተሠራ የሚኬድበት አካሄድ) ላይ ዴቨሎፐሩ (ኮዱን የሚጽፈው) ራሱ ቢፈትንስ? ቴስተር ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ዩኒት ቴስት (የኮዱን ትንንሽ ክፍሎች ለየብቻ የሚፈትን) መጻፍ የዴቨሎፐሩ ሥራ ነው። ግን መስፈርቱን አጣሞ ከተረዳው ኮዱም ቴስቱም አብረው ይጣመማሉ። ከዚያ ሁሉም አረንጓዴ ያበራል፣ ያለፈ ይመስላል። ይህን የሚይዘው ሌላ ዓይን ነው፤ ቴስተሩ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ቴስት ኬስ (ምን አስገብተን ምን እንደምንጠብቅ የሚገልጽ) በምሳሌ ብታሳየን?

መልስ፦ መስፈርቱ «18 ዓመት የሞላው ይመዝገብ» ይላል እንበል። ጀማሪ 25 ያስገባና «ይሠራል» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ 17፣ 18 እና 19 አስገባለሁ። ኮዱ በስህተት «ከ18 የሚበልጥ» ተብሎ ከተጻፈ 19ም 25ም ያልፋሉ፤ ጉዱ የሚወጣው 18 ላይ ነው። ቀጥሎ ባዶ እተወዋለሁ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ፌብሩዋሪ 29 የተወለደ ሰውስ? 18 የሚሞላው ፌብሩዋሪ 28 ነው ወይስ ማርች 1? ይሄኔ መስፈርቱን የጻፈው ሰውዬ ዝም ይላል። ለዚህ ነው ኮድ ሳይጻፍ ስብሰባው ላይ ልገኝ የምለው።

ጥያቄ፦ ሲሠራ የኖረ ኮድ ለምን እንደገና ይፈተናል?

መልስ፦ ኮዱ ባይቀየር እንኳ የሚሠራበት ቦታ ይቀየራል። አሪያን 5 ሮኬት በ1996 እ.ኤ.አ. በተነሳ በ40 ሰከንድ ገደማ ተበታተነ። ጣጣውን ያመጣው ኮድ አሪያን 4 ላይ ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ነበር። የአዲሱ ሮኬት የጎንዮሽ ፍጥነት ግን በጣም ይበልጣል። ከፍጥነቱ ጋር የተያያዘው ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ 16 ቢት፣ ማለትም ወደ ጠባብ ቦታ፣ ሲቀየር አልበቃ አለው። በአዲሱ የበረራ መስመር አስቀድሞ የሞከረው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ከቨሬጅ (በቴስት የተሸፈነው የኮድ መጠን) 100 በመቶ ከሆነ ባግ (የኮድ ስህተት) የለም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ከቨሬጅ የሚነግርህ የተጻፈው መስመር መሮጡን ብቻ ነው። ዴቨሎፐሩ ሳይጽፈው የረሳውን አይቆጥርም።

ጥያቄ፦ አለቃችን «ነገ ይለቀቅ» ካለ ቴስት እንቀንስ?

መልስ፦ ቀንሱ፣ ምን ይደረጋል። ያልተፈተነውን ግን ዘርዝራችሁ ለእሱ በጽሑፍ ላኩለት። ክፍያና ሎግኢን ላይ ግን እኔ አልደራደርም።