ስለ ጃፓናዊው የአኒሜሽን ተከታታይ «ኢቫንጌሊየን» ሁለት መጨረሻዎች፦ ጥያቄና መልስ

(ፍጻሜውን ላላየ ሰው ያበላሽበታል።)

ጥያቄ፦ 25ኛውና 26ኛው ክፍል ላይ ታሪኩ ተቋርጦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሺንጂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠየቃል። የ1997ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ይህን ሽሮ ነው የተሠራው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ክስተቱ አንድ ነው፤ ክፍሎቹ ከልጁ ልብ ውስጥ፣ ፊልሙ ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ ያዩታል። 25ኛው ክፍል ላይ በቅጽበት የሚያልፉትን በሺንጂ ዙሪያ ያሉትን ሁለት ሴቶች፣ የሚሳቶን አስከሬንና የተንሳፈፈችውን ሪትሱኮን አቁማችሁ ተመልከቱ፤ አሟሟታቸው የሚታየው ፊልሙ ላይ ነው። የ26ኛው መግቢያ ጽሑፍም ዘመኑ 2016 (እ.ኤ.አ.) መሆኑን ጠቅሶ፣ ሁሉን ለመተረክ ጊዜ ስለማይበቃ የአንድ ልጅ ልብ ብቻ እንደሚነገር ይገልጻል። ስለዚህ 26ቱን ክፍሎች ጨርሳችሁ ወደ ፊልሙ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ፊልሙ ላይ ሰው ሁሉ ለምን ፈሳሽ ይሆናል?

መልስ፦ ኤቲ ፊልዱ፣ ማለትም ሰውን ከሰው የሚለየው መከለያ፣ ስለሚጠፋ። የሺንጂ ጓደኛ የሆነው ካዎሩ 24ኛው ክፍል ላይ ማንም ሰው ያለው የልብ ግድግዳ እንደሆነ ይናገራል። ግድግዳው ሲፈርስ ገላም አብሮ ይፈርሳል። የሰውን ልብ ሁሉ አንድ የማድረጉ እቅድ የጃፓንኛ ስም «ማሟያ» እንደማለት ነው፦ የጎደለኝን አንተ ሙላልኝ።

ጥያቄ፦ 26ኛው ክፍል ላይ ሺንጂ ነጭ ወረቀት ላይ ብቻውን የሚንሳፈፈውስ?

መልስ፦ ምንም የሌለበት ዓለም ፍጹም ነፃ ነው፤ ግን ላይና ታች የለውም። አንድ መስመር ሲሰመር መሬት ይሆናል። ነፃነቱ ይቀንሳል፣ ሺንጂ ግን መቆሚያ ያገኛል። መስመሩ ሌላ ሰው ነው ብላችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ እዚያው ክፍል ላይ የሚታየው የትምህርት ቤቱ ሕይወት ሕልም ነው?

መልስ፦ ሊኖር ይችል የነበረ ሌላ ሺንጂ ነው። ቀልድም አለበት።

ጥያቄ፦ የሺንጂ ባልደረባ አሱካ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ምን ማለቷ ነው?

መልስ፦ «ኪሞቺ ዋሩይ» ነው ያለችው፤ ቃል በቃል «ስሜቱ መጥፎ ነው» እንደማለት ነው። ጃፓንኛው ማን ማንን እንዳስጠላ አይናገርም፤ የአማርኛ ግስ ግን ሰው ካልተለጠፈበት አይቆምም። «አቅለሸለሸኝ» ካላችሁ የገላዋ ስሜት ነው፣ «ታስጠላለህ» ካላችሁ ፍርድ ነው። አንዱን መርጦ መተርጎም ግማሹን መጣል ነው። ይልቅ እጇን ተከታተሉ። ቀደም ሲል ሺንጂ በልቡናው ውስጥ እርዳታ ለምኗት እምቢ ስትለው አንቋት ነበር፤ ያኔ እጇ አልተዘረጋም። ባሕሩ ዳር ግን አንገቷን አንቆ ሲይዛት ጉንጩን ትዳብሳለች፤ ይለቃታል፣ ያለቅሳል፣ ቃሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሐሳቡን ሺንጂ ሊያውቀው የማይችል ሌላ ሰው ተመልሷል።

ጥያቄ፦ ሌሎቹስ ይመለሳሉ?

መልስ፦ ራሱን በልቡ መሳል የቻለ ሁሉ ወደ ሰው መልክ መመለስ እንደሚችል ፊልሙ ውስጥ ይነገራል። አሸዋው ላይ የምናያቸው ግን ሁለቱን ብቻ ነው።