ሽቦ፣ መርዝና ቄራ፦ ስለ ድሬዳዋና ሐረር አሞራዎች ጥያቄና መልስ

ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከአካባቢያቸው ስለ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ ጆፌ አሞራና ጉጉት የተላኩ ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስለ መብራት ምሰሶና ስለ መድኃኒት ረዘም አድርጌ የመለስኩት፣ በከተማና በከተማ ዳር ለእነዚህ ወፎች ከሁሉ የከፉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ከሳቢያን፦ አቦ፣ ርግቦች ቀኑን ሙሉ ሽቦ ላይ ተደርድረው ይውላሉ፤ ምንም አይሆኑም። አሞራው ለምን ይቃጠላል?

አንድ ሽቦ ብቻ የነካ ወፍ ምንም አይሆንም፤ ኤሌክትሪኩ በአካሉ አልፎ የሚሄድበት ሌላ መንገድ የለም። የሚሞተው ሁለት ሽቦ፣ ወይም አንድ ሽቦና ከመሬት የተያያዘ ብረት በአንድ ጊዜ ሲነካ ነው። የርግብ ክንፍ ለዚህ አይደርስም። ጭልፊት ግን ክንፉን ሲዘረጋ 1.4 ሜትር ገደማ ነው፤ ፊቱ ቢጫ የሆነው ነጩ ጥንብ አንሳ ደግሞ እስከ 1.7 ሜትር ይደርሳል።

በሰፈርህ የሚያልፈውን የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት መስመር ቀና ብለህ እየው። የኮንክሪት ወይም የብረት ምሰሶ፣ ከላዩ የብረት አግዳሚ፣ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ አጫጭር ስኒዎች፣ በስኒዎቹ አናት ላይ ሽቦ። አሞራው አግዳሚው ላይ ያርፋል፤ እግሩ ከመሬት የተያያዘ ብረት ረግጧል። ሊነሣ ክንፉን ሲከፍት አንጓው ሽቦውን ይነካል። በዚያች ቅጽበት ያበቃለታል። ትራንስፎርመር የተሰቀለበት ምሰሶ ከዚህም ይብሳል፤ መሸፈኛ የሌላቸው ማገናኛ ሽቦዎች በጠባብ ቦታ ተጠላልፈውበታል። ደረቅ ላባ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፣ የረጠበ ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ዝናብ ካባራ በኋላ ክንፉን ለማድረቅ ምሰሶ ላይ የሚዘረጋ አሞራ እጅግ ለአደጋ የቀረበ ነው።

ከዚያው ጠያቂ፦ መከላከያ አለው?

አለው፤ ረቂቅ ነገርም አይደለም። አዲስ መስመር ሲሠራ ሽቦው ከአግዳሚው በላይ ሳይሆን በታች ይንጠልጠል፤ ወፉ ከሚቆምበት እስከ ሽቦው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሽቦና በሽቦ መካከል ቢያንስ 140 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በነባር ምሰሶ ላይ ደግሞ ስኒውን ጨምሮ ግራና ቀኝ 70፣ 70 ሳንቲ ሜትር ሽቦ በመሸፈኛ ጎማ ይለበሳል፤ የትራንስፎርመሩ ማገናኛ ሽቦዎችም እንዲሁ። አግዳሚው ላይ ሹል ብረት መትከል ግን አልመክርም። ወፉ ከሹሉ ሸሽቶ ወደ ሽቦው ይጠጋል።

ከጎረቤታችን ሱዳን የሚጠቀስ ነገር አለ። በፖርት ሱዳን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር መስመር ለአሥርት ዓመታት ነጭ ጥንብ አንሳዎችን በመቶዎች ሲገድል ኖሮ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ በተሸፈነ ሽቦ ተተካ። አንድን መስመር መቀየር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ከምሰሶ ሥር የሞተ አሞራ ካገኘህ ወድቆ የቀረ ሽቦ አለመኖሩን በሩቁ አረጋግጥ፤ ካለ አትጠጋ። ከሌለ የምሰሶውን ቁጥር፣ አግዳሚውንና ስኒዎቹን፣ ከዚያም የወፉን እግርና ክንፍ ፎቶ አንሣ። የተቃጠለበት ምልክት ብዙ ጊዜ ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ ናት፤ መዳፉ ሥር ወይም ክንፉ አንጓ ላይ ፈልጋት፣ በዙሪያዋ ያለው ላባ ይጠቀለላል። እግሩ ላይ ተመራማሪዎች ያሰሩት ቀለበት ካለ ፊደሉንና ቁጥሩን ጻፍ። ይህን ይዘህ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስትሄድ መብራት የጠፋበትን ሰዓትም ጨምር፤ አሞራ ሲያዝ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሰፈሩም ይጨልማል። ለሠራተኞቹም ምሰሶውን ለማስተካከል ምክንያት ይሆናቸዋል።

ከሐረማያ፦ ነጩ ጥንብ አንሳ በበጋ ይበዛል። ከየት ነው የሚመጣው?

የተወሰነው እዚሁ የሚኖር ነው። ብዙው ግን ከባልካን አገሮች፣ ከቱርክና ከካውካሰስ መጥቶ ክረምታቸውን፣ ማለትም የእኛን በጋ፣ በአፋርና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ያሳልፋል። በአፋር ብዙ ሆነው ምሰሶ ላይ ያድራሉ። ዝርያው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው። እዚህ አንድ ምሰሶ ሥር የሚወድቀው ወፍ ቡልጋሪያ ገደል ላይ ጎጆ የሠራ ሊሆን ይችላል።

ከድሬዳዋ፣ ከብት የሚያደልብ፦ ለከብት የምንወጋው የሕመም ማስታገሻ አሞራ ይገድላል ይባላል። እውነት ነው?

ዳይክሎፌናክ ከሆነ አዎ። ከብቱን ያሽለዋል፤ ከብቱ በቀናት ውስጥ ከሞተና ሬሳው ከተጣለ ግን በጉበቱ፣ በኩላሊቱና በተወጋበት ሥጋ የቀረው መድኃኒት ጆፌ አሞራንና የቅርብ ዘመዶቹን ይገድላል። ለአንድ ኪሎ የአሞራ ክብደት ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ግራም ይበቃል። ለንጽጽር፣ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የሰው አምፑል በ3 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ሚሊ ግራም ይይዛል። የአሞራው ኩላሊት ሥራ ያቆማል፤ ዩሪክ አሲድ በልቡና በጉበቱ ላይ እንደ ነጭ ዱቄት ይጋገራል። አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥና በቀናት ውስጥ ይሞታል።

በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ሦስት የአሞራ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ያለቁት በዚህ ነው። ምክንያቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታወቀ፣ በ2006 ለእንስሳት እንዳይውል ተከለከለ። ከዚያም ሰዎች ለሰው የተሠራውን ትልቅ ብልቃጥ ለከብት ስለወጉ ሕንድ በ2015 እ.ኤ.አ. የሰውንም ብልቃጥ በ3 ሚሊ ሊትር ወሰነችው። የእኛው ጆፌ አሞራም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው።

የምታደርገው ይህ ነው፦ ሐኪሙን ሜሎክሲካም እንዲያዝልህ ጠይቀው፤ ለአሞራ ጉዳት እንደሌለው ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው። ቶልፌናሚክ አሲድም ይሆናል። ኬቶፕሮፌን፣ ኒሜሱላይድና አሴክሎፌናክ አይሆኑም፤ የመጨረሻው ከብቱ ሰውነት ውስጥ ራሱ ወደ ዳይክሎፌናክ ይለወጣል። ዳይክሎፌናክን ወይም ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ተወግቶ የሞተ ከብት ካለህ ሜዳ ላይ አትጣለው፤ አቃጥለው ወይም ጅብ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበረው።

ከጊድር መጋላ፣ ሥጋ ሻጭ፦ ልጄ፣ እኛ ጭልፊቱን ከድሮ ጀምሮ እናበላለን። ስህተት ነው እንዴ?

ስህተት አይደለም፣ ጋሼ። ሐረር ከጭልፊት ጋር ያላት ቅርበት ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ጨውና በርበሬ ያልነካው፣ ፌስታልና ሲባጎ ያልተጣበቀበት ከሆነ አይጎዳውም። ጭልፊት እየበረረ እግሩን ወደ ምንቃሩ አምጥቶ ስለሚበላ ሥጋው ላይ የተጣበቀውን ፌስታል አብሮ ይውጠዋል። ስለዚህ ቁርጥራጩን ሳይጠቀለል ይወርውሩለት። የሚወረውሩበት ቦታም ከሽቦና ከትራንስፎርመር ይራቅ፤ ሥጋ ለመንጠቅ የሚሻሙ ጭልፊቶች ሽቦ አያዩም። እንግዳ በእጁ ይዞ ሲያበላ ጣቱን ሊቧጥጠው ይችላልና ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ያጥብ።

ከቀፊራ፣ የእህል ነጋዴ፦ የአይጥ መርዝ ሳላስቀምጥ መጋዘኔን እንዴት ልጠብቅ?

ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን ያለባቸው መርዞች አይጧን ወዲያው አይገድሉም። ደሟ እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ለቀናት እየተንገዳገደች በብርሃን ትወጣለች፣ ጉጉትና ጭልፊት በቀላሉ ይይዟታል። መርዙ ጉበታቸው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ወጥመድ ተጠቀሚ፤ ከበር ሥርና ከግድግዳ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚሰፋውን ቀዳዳ በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ ድፈኚ፤ ማዳበሪያውን ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ ፈንጠር አድርገሽ ደርድሪ። መርዝ የግድ ከሆነ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ የሞቱትንም በየማለዳው ልቀሚና ቅበሪ። ጉጉት ጣሪያሽ ሥር ካደረ በድንጋይ አታባርሪው፤ ሟርት አይደለም፣ ሌሊቱን ያንቺኑ አይጥ ሲያድን የሚያድር ነው።

ከከዚራ፦ ጓሮዬ ውስጥ ጭልፊት ወድቋል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ጫጩት መሆኑን እዪ። ላባ አብቅሎ መብረር የሚለማመድ ከሆነና ቁስል ከሌለው ድመትና ውሻ አርቀሽ ተዪው፤ እናቱ ትመግበዋለች። የተጎዳ ከሆነ ጋቢ ወይም ወፍራም ፎጣ ከነጭንቅላቱ ጣዪበት፤ ጨለማ ያረጋጋዋል። ክንፎቹን ከአካሉ ጋር አጣብቀሽ ያዢ፤ ከጭልፊት ጥፍሩን፣ ከጥንብ አንሳ ምንቃሩን ተጠንቀቂ። አየር ማስገቢያ በተበሳ ካርቶን ውስጥ፣ ከሥሩ ጨርቅ አንጥፈሽ፣ ጸጥ ባለ ጥላ አስቀምጪው። ከሽቦ የተሠራ የወፍ ቤት አይሆንም፣ ላባውን ይሰባብርበታል።

ውኃ በምንቃሩ አታንጠብጥቢ። የመተንፈሻው ቀዳዳ ከምላሱ በስተኋላ ስለሆነ ውኃው ሳንባው ይገባል። ወተትና እንጀራም አይሰጥ። በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ፤ ለሁለቱም ከተሞች የሚቀርበው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። የአይጥ መርዝ ከጠረጠርሽ ንገሪያቸው፤ መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ1 ነው። ቤት ማስቀረት ግን በዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች፦ ስለ መስታወትና ስለ ዛፍ ቆረጣ

ወፎች ከመስኮት መስታወት ጋር እንዳይጋጩ አንድ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍ አይረዳም። ከውጭ በኩል በየ5 ሳንቲ ሜትሩ የሚደረደሩ ነጠብጣቦች ይረዳሉ።

ዛፍ ከመቁረጥህ በፊት ከታች ቆመህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። ጭልፊት ሥጋ ወይም ጭራሮ ይዞ ከገባ ጎጆ አለ፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ አቆየው። ጎጆው ውስጥ የማዳበሪያ ክር ተንጠልጥሎ ካየህ የጫጩቱን እግር ሊቋጥርበት ይችላልና፣ እናትየዋ ስትርቅ በመሰላል ወጥቶ የሚቆርጠው ሰው ፈልግ፤ ከአጠገቡ ሽቦ ካለ ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይመጣ ማንም አይውጣ።