መልስ፦ ሁለት ጊዜ ተጋጭቼ አዳማ ላይ የተሳቢ ሥራ አገኛለሁ?

ወንድሜ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ መኪና ስነዳ ሁለቴ ስለተጋጨሁ አዳማ ላይ ተሳቢ የጭነት መኪና የሚያስይዘኝ አጣሁ ብለሃል። ታገኛለህ፣ ግን አትደብቅ። የአዳማ የመኪና ባለንብረቶች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንዱን ብትዋሽ ሌላው ማታውኑ ይሰማል።

እኔም ከስድስት ዓመት በፊት መተሐራ አካባቢ ሌሊት ግመል ገጭቼ ከሥራ ወጥቻለሁ። ሌላ ሥራ ያስገባኝ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ኮፒ ነው፤ እንስሳው ድንገት አስፋልት ላይ መግባቱ ተጽፎበት ነበር። አንተም የሁለቱንም አደጋ ሪፖርት ያዝ። ጥፋቱ የሌላው ከሆነ ወረቀቱ ይናገርልሃል። ያንተ ከሆነ ደግሞ፣ ድካም ይሁን ፍጥነት፣ ሳይጠይቁህ ቀድመህ ንገራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንዳስተካከልክም ጨምር።

የጅቡቲን መስመር ለጊዜው ተወው። እስከ ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ያለው ሙቀትና የሌሊት ጉዞ ለተጎዳ ስም አይሆንም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ አዲስ አበባ በሚያመላልስ መኪና ወይም በአሸዋና ሲሚንቶ ጀምር። ደመወዙ ያንሳል፣ አውቃለሁ። አንድ ዓመት ያለ ጭረት ሠርተህ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተቀበል።

አደራ፣ እንቅልፍን በጫት እየገፋህ አትንዳ። ደግሞ ዋስ ይጠይቁሃል፤ ደመወዝተኛ ዘመድ ካለህ ከአሁኑ አነጋግረው።