ዲዋርና ዳዋ ይዛመዳሉ?

ድሬዳዋ ላብራቶሪ የምትሰራ አንዲት እህታችን የጠየቀችኝ ይሄን ነው፦ «ፈሳሽ ናይትሮጅን የምናስቀምጥበትን ዕቃ ሁላችንም ዲዋር ነው የምንለው። አንድ ባልደረባዬ ዳዋ ከሚለው የመጣ ነው፣ መድኃኒት ማለት ነው ይላል፣ እውነት ነው? በአማርኛ ፐርሙዝ ብለን ብንጽፍበትስ?»

አቦ እህቴ፣ ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ባልደረባሽ እንደዛ ማሰቡ አይገርመኝም፣ አረቡ መድኃኒትን ደዋእ ይላል፣ ሶማሌው ዳዎ ይላል፣ ድሬ ያደገ ጆሮ ደግሞ ይሄን ሁሉ ሲሰማ ነው የኖረው። ዲዋር ግን የሰው ስም ነው። ጄምስ ዲዋር የሚባል የስኮትላንድ ኬሚስት ነበር፣ ለንደን ሆኖ ጋዞችን እያቀዘቀዘ ፈሳሽ ሲያደርግ ቶሎ ቶሎ እየተነኑ አስቸገሩትና በፈረንጆቹ 1892 አንዱን ጠርሙስ ሌላው ውስጥ አስገብቶ በመሃል ያለውን አየር መጦ አወጣው፣ አየር ከሌለ ሙቀት በቀላሉ አይሻገርማ።

ያንተ ነው ብሎ ግን ፓተንት የሰጠው የለም፣ እሱም አላወጣበትም። ጀርመኖች ለቤት እንዲሆን አድርገው በ1904 ቴርሞስ አሉት፣ ሙቀት ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ፐርሙዝ ሆነ። ስለዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ጠዋት ሻይ የሚቀዳበት ፐርሙዝና ያንቺ ዲዋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ለማያውቅ ሰው ስታስረጂ «የናይትሮጅን ፐርሙዝ» ብትይ ወዲያው ይገባዋል።

ዕቃው ላይ መጻፉን ግን እባክሽ ተይው። ፐርሙዝ ሲባል የሁላችንም እጅ የለመደው ክዳኑን ማጥበቅ ነው። ናይትሮጅን ደግሞ የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የድሬ ሙቀት ቀርቶ በሐረር ብርድም መትነኑን አያቆምም፣ አንድ ሊትሩ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ክዳኑ አንገቱ ላይ እንዲሁ ላላ ብሎ የሚቀመጠው፣ ስታነሺውም ያ ነጭ ጉም የሚወጣው ለዚህ ነው። ትላንት የተቀጠረ ልጅ ፐርሙዝ የሚል አንብቦ አጥብቆ ቢደፍነውስ?

«ዲዋር» ብለሽ ጻፊ፣ ሲበዛ ዲዋሮች። ከስሩም «ክዳኑን አታጥብቁ» በይበት፣ «ክዳኑ አይጠበቅም» እንዳትይ ብቻ፣ ጠባቂ የለውም ተብሎም ሊነበብ ይችላል።