ስለ ለውዝና ስለ ሰውነት ብግነት ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ። የምግብ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ለውዝና የቅባት እህል ላይ። እስክተኛ ድረስ ጠይቁ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም።

ትዕግስት፦ ለውዝ ኢንፍላሜሽን (ብግነት) ያባብሳል የሚል አለ፣ ያጠፋል የሚልም አለ። የቱን እንመን?

መልስ፦ አለርጂ ከሌለሽ አያባብስም። አሜሪካ ውስጥ ከ5,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሰርቶ በ2016 የወጣ ጥናት፣ በሳምንት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚበሉት ሲአርፒያቸው፣ ማለትም ደም ውስጥ የሚለካ አንዱ የብግነት ምልክት፣ ዝቅ ያለ ነው ብሏል፣ ግን እነዚህ ሰዎች ሌላው አመጋገባቸውም የተለየ ሊሆን ይችላል። ባርሴሎናና ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ ሽማግሌዎችን 2 ዓመት ዋልነት የሚባለውን የለውዝ ዓይነት አብልተው ሲለኩ ብዙዎቹ የብግነት ምልክቶች ቀነሱ፣ ሲአርፒ ግን ንቅንቅ አላለም። ይረዳል፣ ግን መድኃኒት አይደለም። የሻገተ አትብሉ።

አቤል፦ ዋልነት እኮ ዋጋው አይቀመስም

መልስ፦ ተልባ አለልህ። ዋልነት የሚወደስበት የኦሜጋ 3 ቅባት ዓይነት ተልባ ውስጥ በክብደት ከእጥፍ በላይ ነው። ግን ወቅጠው ወይም ፍጨው፣ ሙሉ ፍሬውን ከዋጥከው እንዳለ ነው የሚወጣው።

ጌታቸው፦ ሪህ አለብኝ፣ ለውዝ ልተው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለሪህ የሚያሰጋው ሥጋና ቢራ ነው። ለቀረው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ሰላም፦ የቱ ለውዝ ነው ጥሩ?

መልስ፦ ለምን ጥሩ? ለልብ፣ ለስኳር፣ ለልጅ? ለይተሽ ጠይቂ።

ሀና፦ ሻጋታ ሻጋታ የምትለው ታጥቦ ከተቆላ ይሞት የለ እንዴ?

መልስ፦ ይሄን ነው ስጠብቅ የነበረው። ሻጋታው ይሞታል፣ መርዙ አፍላቶክሲን ግን ይቀራል፣ መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች ያለቁት ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነው፣ መርዙም የታወቀው ያኔ ነው። የሚጎዳው ጉበትን ነው፣ ካንሰር ያመጣል፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ለውዙ ሳይደርቅ በጆንያ ሲታጨቅ፣ ቶሎ እንዲፈለፈል ውሃ ሲረጭበት፣ ያኔ ነው ሻጋታው የሚገባው። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የመረረውን ልቀሙና ጣሉ። የለውዝ ቅቤ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ አንዴ ከተፈጨ መልቀም የለም። ብግነት ቀነስኩ ብሎ ጉበቱን የሚጎዳ ሰው ያሳዝነኛል።

የሐረርጌ ልጅ፦ የባቢሌን ለውዝ ስም አታጥፉ፣ እኛ ስንበላው ነው ያደግነው

አቤል፦ ማን ባቢሌ አለ? ደግሞ ኦቾሎኒ ነው የሚባለው

የሐረርጌ ልጅ፦ እኛ ጋ ለውዝ ነው፣ ሲጀመር ከኛ ነው የምትገዙት

መልስ፦ ወንድሜ፣ የባቢሌ ለውዝ ጣዕሙን የሚያህል የለም፣ እኔም የምገዛው እሱን ነው። ግን ከባቢሌ የተወሰዱ ናሙናዎች ላይ አፍላቶክሲን ተገኝቷል፣ ይሄ የታተመ ነገር ነው። ጥፋቱ የገበሬው ብቻ አይደለም፣ ማድረቂያ ሸራና ደህና መጋዘን ማን ሰጠው? ስለ ስሙ እዚህ አትጨቃጨቁ።

ትዕግስት፦ በቀን ስንት ልብላ?

መልስ፦ አንድ እፍኝ፣ 30 ግራም ገደማ፣ ጨው ሳይበዛበት። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ አትስጪ፣ ያንቃል።

ዮናስ፦ አሁን ነው የገባሁት፣ ለውዝ ለኢንፍላሜሽን ጥሩ ነው?

መልስ፦ ዮናስ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። የሻገተውንም ጣል።