መልስ፦ የወንድምና የእህት እቁብ እንዳያጣላ

«ስምንት ወንድምና እህት በወር 2,000 ብር እቁብ ልንጀምር ነው፤ አንዱ ቀድሞ ወስዶ መክፈል ቢያቆምስ?» ላሉት ጠያቂ፦

የቤተሰብ እቁብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በይሉኝታ ነው። ጎረቤት ሲዘገይ ዳኛው ደጁ ድረስ ይሄዳል፤ ታናሽ ወንድም ሲዘገይ ግን «ተወው፣ ተቸግሮ ነው» ይባላል። ስለዚህ ዳኛው ታላቅ ወንድም ባይሆን ይሻላል። ገንዘብ መጠየቅ የማያሳፍረው አማች ካለ እሱን ምረጡ፤ ጸሐፊው ሌላ ሰው ይሁን። ዕጣውን እናታችሁ ታውጣ፤ እሷ ላነሳችው ወረቀት የሚያጉረመርም የለም።

ዋናው ነገር ዋስ ነው። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው 16,000 ብር ሲወስድ የከፈለው 2,000 ብቻ ነው፤ 14,000 ዕዳ አለበት። አምስተኛው ላይ የወሰደ ግን ቀሪው 6,000 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ባለዕጣዎች ገና ያልወሰደ ሰው ዋስ ይጥሩ፤ ባለዕዳው ከቀረ ከዋሱ ዕጣ ላይ ይቀነሳላ! ቀድሞ የወሰደ ሰው ዋስ ሲሆን የሚያዝ ነገር የለም።

የመክፈያ ቀኑና መቀጫው ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ሁሉም ይፈርም። ሰርግ ወይም ሕክምና ላለበት ዕጣ መልቀቅ ይቻላል፣ ግን ሁሉም ባሉበት።

ሥራ ያጣ ካለ የእሱን ድርሻ አዋጥታችሁ ሙሉለት፤ ስጦታ ይሁን ብድር ግን ያኔውኑ ተነጋገሩ። ዝም ብሎ ከታለፈ የመጨረሻው ባለዕጣ ጎደሎ ይደርሰዋል።