ድምፁ ዝቅ ያለ ሃርድ ዲስክ ለቤት ኮምፒውተር

“4 ቴራባይት የሚይዝ፣ ማታ የማይረብሽ ሃርድ ዲስክ የትኛው ነው?” ብለው ለጠየቁት፦

መጀመሪያ ዊንዶውሱንና ፕሮግራሞቹን ኤስኤስዲ (መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ላይ ያድርጓቸው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ 500 ጊጋባይት ይበቃል። ሃርድ ዲስኩ ለፊልምና ለፎቶ ብቻ ከቀረ አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል። በዊንዶውሱ ፓወር ኦፕሽን (የኃይል አጠቃቀም ማስተካከያ) ውስጥ ሥራ ከፈታ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንዲቆም ያድርጉት፤ ከዚያ በጣም ካሳጠሩት ግን በየጊዜው መነሳትና መቆሙ ራሱ ይረብሻል።

ለማስቀመጫ በደቂቃ 5400 ዙር የሚሽከረከረውን ይምረጡ። ባለ 7200ው በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ ንዝረቱ ወደ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ቆርቆሮ ሲተላለፍ “እምምም” የሚል ድምፅ ያወጣል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ዲስኩ ሳይሆን ኬዙ ነው። ዲስኩ እየሠራ የኬዙን ጎን በመዳፍዎ ጫን ይበሉት። ድምፁ ከቀነሰ ብሎኑ በሚታሰርበት ቦታ በዲስኩና በኬዙ መካከል የጎማ ዋሸር ያስገቡ። ብሎኑን ጎማው እስኪጨፈለቅ አያጥብቁት፣ ንዝረቱ እንደገና ያልፋል። በስፖንጅ ጠቅልለው የሚሉዎትን አይስሙ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ሲገዙ የአምራቹን መግለጫ ይዩ። ድምፁ ሁለት ቦታ ይጻፋል፦ ዝም ብሎ ሲዞርና መረጃ ሲፈልግ። “2.5 ቤል” ካለ 25 ዴሲቤል ነው። ኮርኮር የሚለውን የሚነግርዎት ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ለሰርቨር የተሠሩት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይብሳሉ።

አሁን ያለዎት ዲስክ በድንገት ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ፋይልዎን ዛሬውኑ ይገልብጡ።